ከአያቴ ሽምግልና ወደ ዓለም አቀፍ ድርድር በየት በኩል ልግባ?

ሰላም ናችሁ? የምኖረው ደሴ ነው። ሕግ ተመርቄ ፒያሳ አካባቢ ማመልከቻ እጽፋለሁ። አያቴ አበጋር፣ ማለትም በወሎ የተጣሉትን የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ሰሞኑን በወሰን የተጣሉ ጎረቤታሞችን ሲያስታርቁ አጠገባቸው ነበርኩ። ዱዓ ተደርጎ ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ስለ ወሰኑ ትንፍሽ ያለ የለም! ወሬው ስለ ዝናብና ስለ ልጆች ብቻ ነበር። ሥራው ያኔ ገባኝ።

ሕልሜ አፍሪካ ኅብረት ወይም ኢጋድ ነው። በ2015ቱ የፕሪቶሪያ ድርድር አሸማጋዮቹ እነ ኦባሳንጆና ኡሁሩ ኬንያታ፣ የቀድሞ መሪዎች ናቸው። ከኋላቸው ሆነው ረቂቁን የሚጽፉትስ በየት ገቡ? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ማስተርስ ልማር ወይስ መጀመሪያ ፈረንሳይኛ? ማስታወቂያው ሁሉ ልምድ ይላል። በአያቴ ጓዳ ያየሁት ሽምግልና ሲቪ ላይ ይጻፋል እንዴ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።