ለሕዝብ አስተዳደር ማስተርስ መበደር ያዋጣል?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የካውንቲ ሠራተኛ ነኝ። በሕዝብ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የፌደራል ብድር ብወስድ፣ የደመወዝ ጭማሪው ወርሃዊ ክፍያውን ይችለዋል ትላላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በ2007 የወጣው የብድር ስረዛ ሕግ፣ ለመንግሥት በሙሉ ሰዓት እየሠራ 120 ብቁ ወርሃዊ ክፍያዎችን የፈጸመ ተበዳሪ፣ ቀሪው የፌደራል ዕዳ እንዲሰረዝለት ይፈቅዳል። የግል ብድርን ግን አይመለከትም።

መልስ፦ ትክክል ነው፤ ሆኖም ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለዚህ ዓይነት ዲግሪ አዲስ ተበዳሪ የሚያገኘው የፌደራል ብድር በዓመት ከ20,500 ዶላር አይበልጥም። ከዚያ በላይ የሚያስከፍል ትምህርት ቤት ወደ ግል ብድር ስለሚገፋህ፣ እኔ አልመክርህም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አስቀድመህ መሥሪያ ቤትህ የትምህርት ክፍያ ድጋፍ እንዳለው ጠይቅ፤ ከዚያም ዲግሪውን የሚጠይቀውን መደብ ደመወዝ ከአሁኑ ደመወዝህ ጋር፣ ታክስ ተቀንሶ፣ አስተያየው።