ለስብዕና መጠይቁ የጋራ ሐሳብ፦ በግዴለሽነት የተሞላውን እንዴት እንለይ?

ደብረ ብርሃን (አስተባባሪ)፦ ጤና ይስጥልኝ በየከተማው ያላችሁ ወገኖች። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ካዘጋጀነው ረቂቅ የቀረን የመልስ ማጣሪያው ክፍል ነው። ለጊዜው ያስቀመጥኩት «አንድ ቁጥር ላይ ከላይ እስከ ታች ያከበበ ይውጣ» የሚል ነው። ጨምሩበት።

መሐል ሜዳ፦ እሱ ብቻማ አይበቃም። በሙከራው ላይ አንዱ ልጅ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ብሎ ወርዶ፣ 4፣ 3፣ 2 እያለ ተመልሶ፣ እንደገና ጀምሮ ገጹን ጨርሶታል። ባንተ ማጣሪያ ይሄ ልጅ ጨዋ ሆኖ ያልፋል! ጥያቄዎቹን ተመሳሳይ ወይም ተቃራኒ ሐሳብ ባላቸው ጥንድ ጥንድ እናድርጋቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ኤምኤምፒአይ-2 የተባለው የስብዕና መጠይቅ እንዲህ ነው የሚሠራው። ቪሪን የተባለው መለኪያ እርስ በርሱ የሚጋጭ መልስ ይቆጥራል። ትሪን ደግሞ ጥያቄው ምንም ይሁን ምን «እውነት» ወይም «ሐሰት» እያለ የሚነጉደውን ይይዛል።

ሸዋ ሮቢት፦ ጥንዱ ይግባ። ግን የተጋጨ ሁሉ ግዴለሽ ነው እንዳንል አደራ። «በቀላሉ አልረበሽም» የሚለውን ቸኩሎ ያነበበ ልጅ አፍራሹን ይዘለዋል። «የተረጋጋሁ ሰው ነኝ» ብንለው ይሻላል። ደግሞ መምህሩ አጠገባቸው ቆሞ ሁሉንም «እስማማለሁ» ቢሉ ይሉኝታ ነው፣ ምን ይደረግ። መምህሩ ይውጣ፤ ወረቀቱም ስም አይጻፍበት።

ደብረ ሲና፦ ሰዓቱንስ ለምን ተዋችሁት? እነ ሁዋንግ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ለአንድ ጥያቄ በአማካይ ከ2 ሰከንድ በታች የወሰደ ሰው ይጠረጠራል ብለዋል።

መሐል ሜዳ፦ ጋሼ፣ የኛ እኮ በወረቀት ነው። ሰከንዱን ማን ሊይዝልን?

ደብረ ሲና፦ እሺ፣ እውነትሽን ነው። እንግዲያው «እዚህ ጋ 2ን አክብብ» የሚል ጥያቄ መሐል ላይ ጣል እናድርግ።

ሸዋ ሮቢት፦ አንድ ይበቃል። ከበዛ ልጆቹ የተናቁ ይመስላቸዋል፣ እልህ ይጋባሉ። ከሁሉ በላይ ግን ማን እንደሚወጣ መረጃው ሳይሰበሰብ እንወስን። ውጤቱን አይተን ያልጣመንን ብንጥል ጥናት አይባልም።

ደብረ ብርሃን (አስተባባሪ)፦ ጥሩ፣ እንዲህ ብዬ አስገብቼዋለሁ፦ «በአንድ ምልክት ብቻ ማንም አይወጣም። ቢያንስ ሁለት ምልክት የታየበት ወረቀት ለብቻው ይቀመጣል። ስሌቱ እነሱን ጨምሮም ሳይጨምርም ይሠራል፤ ሁለቱም ውጤት ይቀርባል።» እህቴ ከመሐል ሜዳ፣ ጥንዶቹን አንቺ ጀምሪልን። የእነዋሪ ልጆች፣ ድምፃችሁ ጠፋ፤ ወረቀቱን እናንተ ጋ ማን ያስሞላል?