«ጭራቁ ሲወጣ ሰው ሳቀ»፦ አስፈሪ ፊልማችንን እንዴት እናድነው?

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ

ሰላም ለእናንተ። ደብረ ማርቆስ ያለን ስድስት ጓደኛሞች ነን። በስልክ የ14 ደቂቃ አስፈሪ ፊልም ቀረጽን። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ተማሪ ከከተማው ዳር ርካሽ ክፍል ይከራያል። ሌሊት በሩ ይንኳኳል። የሚያንኳኳው ጭራቅ ነው። ጭራቁን ከበግ ቆዳና ከዱቄት ነው የሠራነው፤ ሁለት ቀን ፈጅቶብናል።

ባለፈው እሑድ ለሃያ ያህል ሰው አሳየነው። ጭራቁ ብቅ ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከኋላ «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ፊልሙን የምሩን ያየ ሰው የለም።

ለመምከር እንዲመቻችሁ ልንገራችሁ። ጭራቁ የሚታየው ገና በ2ኛው ደቂቃ ነው። ሙዚቃው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያቋርጥም። በየደቂቃው ድንገተኛ ጩኸት አስገብተናል። ምስሉ ጨለማ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ ምንም አይታይም። ከወር በኋላ እንደገና ማሳየት አለብን፤ የቀረን 3,000 ብር ነው። ከመሸ በኋላ ደግሞ ውጭ መቅረጽ አይታሰብም። ምን እናስተካክል?

የቡሬው

ሁለት ቀን የለፋችሁበትን ጭራቅ በሁለት ደቂቃ ጨረሳችሁት? ምክር የለኝም። እኔ ፈሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ፊልም የማየው ድምፁን አጥፍቼ ነው።

ቪዲዮ አቀናባሪ፣ ባሕር ዳር

እንጀራዬ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው፤ አስፈሪ ፊልም ግን ነፍሴ ነው። እናንተ ማስደንገጥና ማስፈራትን አንድ አድርጋችሁታል። በር ድው ሲል ሁሉም ይደነግጣል። ከዚያ ይስቃል፣ አለቀ።

የፊልም ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ይህን በቦምብ ምሳሌ ያስረዳ ነበር። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ። ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ነው። ቦምቡን ቀድሞ ካየ፣ የሚፈነዳበትንም ሰዓት ካወቀ ግን፣ ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ ያስጨንቀዋል። «ኧረ ተነሡ!» ሊል ይዳዳዋል።

በእናንተ ፊልም ተማሪውም ተመልካቹም ነገሩን እኩል ነው የሚያውቁት። ይህን ቀይሩት። ተማሪው ሳይመጣ በፊት ካሜራው ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይቆይ። በሩ ዝግ ነው። መቀርቀሪያው ከውስጥ በኩል ቀስ ብሎ ይንቀሳቀስ። በቃ፣ ቁረጡት። ከዚያ ልጁ ይግባ፣ ያንጎራጉር፣ ሽሮ ይጣድ፣ ለጨለማው ጥግ ጀርባውን ይስጥ። ሽሮው ሲንተከተክ ተመልካቹ ይንተከተካል።

ጭራቁን ደግሞ ደብቁት። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን፣ ሰው ስለሚበላ ሻርክ (ትልቅ የባሕር ዓሣ) የሚያወራውን «ጆውስ» የተባለ ፊልም አስታውሱ። የሜካኒክ ሻርኩ ባሕር ውስጥ እየተበላሸ ዳይሬክተሩን ስፒልበርግን ሲያስቸግረው፣ በሻርኩ ፋንታ ውኃውን፣ የሚጎተተውን በርሜልና ሙዚቃውን አሳየ። አውሬው ሙሉ ሰውነቱን የሚያሳየው ከአንድ ሰዓት በላይ ከሄደ በኋላ ነው። ሻርኩ ባይበላሽ ኖሮ ፊልሙ ይህን ያህል ባላስፈራ ነበር። የእናንተም ጭራቅ ተበላሽቷል ብላችሁ አስቡ።

ድምፅ ቀራጭ፣ ዳንግላ

የቡሬው ወንድሜ ሳያውቀው ትልቁን ነገር ተናገረ። ድምፁን ሲያጠፋ ለምን ፍርሃቱ ይቀልለታል? ዓይን ይከደናል፣ ጆሮ ግን አይከደንም።

ሙዚቃችሁ ያለማቋረጥ ስለሚጮህ ጆሮ ለምዶታል። ከግማሽ በላዩን አውጡት። ዝምታ ሲረዝም ሰው ራሱ ጆሮውን ያቆማል፤ ያኔ ትንሽ ኮሽታ ትበቃለች። «ጆውስ» ውስጥ የሙዚቃው ደራሲ ጆን ዊሊያምስ ዋናውን ፍርሃት የሠራው በሁለት ኖታ (በሁለት የዜማ ድምፅ) ነው፤ መጀመሪያ ዝግ ብሎ፣ ከዚያ እየፈጠነ። ሁለቷ ኖታ ስትሰማ አውሬው እየመጣ ነው ማለት እንደሆነ ተመልካቹን አስለመዱት። እናንተም አንድ ድምፅ ምረጡና አስለምዱ።

እኔ ብሆን ቆርቆሮ እመርጣለሁ። ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጣሪያ ማታ ሲቀዘቅዝ ጧ! ጧ! ይላል። ከኛ መሐል ይህን ሰምቶ አንድ ሌሊት ያልነቃ ማነው? ምክንያቱን እያወቅን እንኳ እንነቃለን። ስልካችሁን ጣሪያው ሥር አስቀምጡና ቅረጹት። ነፃ ነው።

የውሸት ድንጋጤም አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ1942 «ካት ፒፕል» የሚባል ፊልም አንዲት ሴት ሌሊት መንገድ ላይ እየተከታተሏት እንደሆነ እየተሰማት ስትሄድ ያሳያል። አውሬ ዘለለባት ስትሉ ጭስስ! የሚለው ድምፅ የአውቶቡስ ሆኖ ይገኛል። በእናንተ ቤት የአከራይዋ ድመት ከቆርቆሮው ላይ ትውረድ። ተመልካቹ «እፎይ» ብሎ ሲተነፍስ እውነተኛው ይምጣ። አሥር ጊዜ ከደጋገማችሁት ግን እንደ እረኛው ልጅ ቀበሮ ይሆናል።

ለጩቤ ድምፅ ገንዘብ አታውጡ። «ሳይኮ» (እ.ኤ.አ. 1960) በሚባለው የሂችኮክ ፊልም ውስጥ የሚሰማው የመውጋት ድምፅ የሐብሐብ ዘመድ የሆነ ፍሬ ሲወጋ የተቀረጸ ነው። እኛ ዱባ አለን።

የፍኖተ ሰላሟ

ምክሩ ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉም ከፈረንጅ ነው። የኛ አያቶች ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር እኮ! አያቴ ጭራቅ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን ነግራን አታውቅም። «መጣ... ደጃፉ ጋ ደረሰ...» ትልና ምድጃውን ትቆሰቁሳለች። እኛ ተጠጋግተን እንሞታለን።

ማታ ውጭ ስማችን ከተጠራም ቶሎ እንዳንመልስ ታስጠነቅቀን ነበር። ይህን ውሰዱት። አከራይዋ ቁልፉን ስትሰጠው «ልጄ፣ ማታ ስምህ ቢጠራ እንዳትመልስ» ትበለው። አስፈሪ ፊልም ክልከላ ይወዳል። አትመልስ ከተባለ እንደሚመልስ ማንም ያውቃል፤ ተመልካቹን የሚያንቀው መቼ ነው የሚለው ነው። ማንኳኳት ደግሞ የማንም ሊሆን ይችላል። ስም ግን ያው የእሱ ነው። በእናቱ ድምፅ ቢጠራስ?

ጠያቂ

እህቴ፣ የእናቱን ድምፅ ሳነብ ራሴ ቀፈፈኝ። አንድ ሐሳብ መጣልን፦ ጭራቁን ትተን አከራይዋን ቡዳ ብናደርጋትስ? ሰው ቶሎ ይገባዋል።

የፍኖተ ሰላሟ

እባካችሁ እንዳታደርጉት። ቶሎ የሚገባው ለምን እንደሆነ አስቡበት። በዚህ ስም ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው ስንት ዘመን ተገለለ። አብሯቸው የማይበላ፣ ልጁን የማይድርላቸው ሰው ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። ፊልሙ 14 ደቂቃ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ያለችው ሸክላ ሠሪ ግን ነገም ገበያ ትወጣለች። ምን እንደሆነ ያልታወቀ ነገር በልጁ ስም ቢጠራው ይበልጥ ያስፈራል።

ቪዲዮ አቀናባሪ፣ ባሕር ዳር

እስማማለሁ። በዚያ ላይ ስም የተሰጠው ነገር ግማሽ ፍርሃቱ ይቀራል፤ መድኃኒቱንም ሰው ያውቀዋል። ጸበል ወስዶ ሊጨርሰው ነው።

ፎቶ አንሺ፣ ሞጣ

ስለ ብርሃኑ ማንም አልመለሰም። ስልክ ጨለማ ውስጥ ሲቀርጽ የምታዩት ጨለማ ሳይሆን ጭቃ ነው። ሰው የማያየውን ነገር አይፈራም፤ ይሰለቻል። የሚፈራው ግማሹን ሲያይ ነው።

ውጭውን ፀሐይ እንደገባች ባለችው ሩብ ሰዓት ቅረጹ። ስልኩ ላይ ብርሃኑን ዝቅ፣ ቀለሙን ወደ ሰማያዊ ሳብ አድርጉት፤ ሌሊት ይመስላል። ሰማዩን ብቻ አታሳዩ። እናንተም በጊዜ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ውስጥ ደግሞ አንድ መብራት ከጎን ይብቃችሁ። የልጁ ፊት ግማሹ ይብራ፣ ግማሹ ይቅር።

ልጁን ከምስሉ አንድ ዳር አስቀምጡና በሌላው ዳር ገርበብ ያለ በር ተዉ። ምንም አታስገቡበት። ተመልካቹ ልጁን ትቶ በሩን ሲጠብቅ ያመሻል።

የበግ ቆዳውን ለበጉ መልሱለት። «ሃሎዊን» (እ.ኤ.አ. 1978) የሚባለው አስፈሪ ፊልም ገዳዩን ያለበሰው ከሱቅ የተገዛ ርካሽ የፊት ጭንብል ነው፤ የአንድ ታዋቂ የቴሌቪዥን ድራማ ገጸ ባሕርይ ፊት ነበር፣ ነጭ ቀለም ቀቡት። የሚያስፈራው ምንም ስሜት ስለማይነበብበት ነው። የኛ ደግሞ ጋቢ ነው። ባህር ዛፉ ሥር፣ ራቅ ብሎ፣ ከራሱ ድረስ ጋቢ የተከናነበ ሰው ይቁም። አይንቀሳቀስ። ጠዋት ቢሆን «እንዴት አደሩ» ብላችሁት ታልፋላችሁ። ሲመሽ ግን ፊቱ ወዴት እንደሆነ አይለይም። ቀጣዩ ምስል ላይ ትንሽ ቀረብ ብሎ ይቁም። ሲራመድ አታሳዩ።

የቡሬው

እኔ ከዛሬ ጀምሮ ጋቢ የለበሰ ሰው አላልፍም። አመሰግናለሁ ሞጣ።

ጠያቂ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ዘግይቼ መጣሁ፣ ይቅርታ። ፊልሙ ወደ 11 ደቂቃ ወረደ። ጭራቁን ከፊልሙ ሙሉ በሙሉ አስወጣነው (የሠራው ልጅ ለሁለት ቀን አኩርፎ ነበር)። ሙዚቃ የቀረው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ቆርቆሮውን ቀረጽነው። ድመቷ ግን በፍጹም አልታዘዝ አለች፤ በዶሮ ተካናት።

ትናንት ለሰባት ሰው አሳየን። ዶሮዋ ላይ ሳቁ፣ እሱን ፈልገን ነበር። ጋቢ የለበሰው ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲታይ ግን አንዲት ልጅ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበች። የእናቱ ድምፅ ሲጠራው ቤቱ ጸጥ አለ። በአጋጣሚ ያኔውኑ እውነተኛው ጣሪያ ጧ! አለ፤ ሁለቱ ተነሥተው ቆሙ።

አሁን ያለብን ችግር ሌላ ነው። ገና የምንቀርጸው አንድ ትዕይንት አለ፤ ዋናው ተዋናያችን ግን ያን ክፍል ብቻዬን አልገባም ብሏል።