አሮጌ ሀይሉክስ ከድሬዳዋ ገዝቼ አርባ ምንጭ ላመጣ ነው፣ ምከሩኝ

ባለ ሙዙ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። አርባ ምንጭ ነው ያለሁት፣ ትንሽ የሙዝ ማሳ አለችኝ። እስካሁን ሙዙን ከማሳ እስከ አስፋልት የማወጣው በኪራይ ነው፣ አሁን ግን ኪራዩ ትርፉን ጠራርጎ እየበላው ስለሆነ የራሴን ፒክአፕ ልግዛ ብዬ ተነሳሁ። አዲስ አበባ የጠየኩት ሁሉ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። የአክስቴ ልጅ ድሬዳዋ ይሰራል፣ እሱ አንድ ሀይሉክስ አገኘልኝ፣ በፈረንጅ የ1992 ስሪት፣ ነጠላ ጋቢና፣ ፎር ዊል፣ ናፍጣ፣ ኮድ 3 የድሬ ታርጋ፣ 1 ሚሊዮን 750 ሺ ብሏል። ፎቶ ላይ በጣም ታምራለች ቀለሟ አዲስ ነው። ሻጩ ሞተሩ 3ኤል ነው አይሞትም ይላል፣ የሊብሬውንም ፎቶ ልኮልኛል 2446 ሲሲ ይላል። ባለ ሊብሬው እሱ ራሱ አይደለም ግን መሸጥ መለወጥ የሚል ውክልና አለኝ ነው የሚለው። 50 ሺ ቀብድ ላክና ላቆይልህ ብሎኛል፣ ሌላ ፈላጊ አለ እያለ በቀን ሁለቴ ይደውላል።
ጥያቄዬ፣ ሳላያት ቀብድ ልላክ ወይ? ደግሞስ ነድቼ ላምጣት ወይስ ላስጭናት? ታህሳስ 17 ሄጄ 19 ጠዋት ከድሬ ለመውጣት ነው ሀሳቤ። መንጃ ፈቃድ አለኝ ግን ከሶዶ ማዶ ነድቼ አላውቅም።

የከዚራ ልጅ
አቦ ታህሳስ 19 ከድሬ እወጣለሁ ስትል ቁልቢ ገብርኤል መሆኑን ረስተኸው ነው? ከድሬ የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ቁልቢ መሀል ለመሀል ነው የምታልፈው፣ የሀገሩ ህዝብ በሙሉ እዛ ነው ያለው፣ መኪና ከመኪና ተጣብቆ ነው የሚሄደው። ቀኑን ግፋው። ደግሞ ያች አዲስ ቀለም ደስ አላለችኝም። እዚህ አካባቢ ከአወዳይ ጫት የሚጭኑ ፒክአፖች አሉ፣ እንዴት እንደሚነዱ መንገድ ላይ ያየ ያውቀዋል፣ ጫት ገበያው ሳይዘጋ መድረስ ስላለበት ለጉድጓድ አይቆምም። ከዛ ስራ የወጣች መኪና ስቱኮ ተለጥፎባት ቀለም ተቀብታ ስትቀርብ ሙሽራ ትመስላለች። የአክስትህ ልጅ ማግኔት ይዞ ሄዶ ላሜራው ላይ ያስጠጋ፣ ካልያዘለት ስር ያለው ስቱኮ ነው።

ቶዮታ ወዳጅ
ቶዮታ ቶዮታ ነው ግዛ ምን ታስባለህ

አሮጌ መካኒክ
ከላይ ያለው ልጅ ቶዮታ ቶዮታ ነው ብሎ ሄደ፣ ክፈል ሲባል ግን የለም።
ወንድሜ ራስህ የጻፍከውን አላስተዋልከውም። ሊብሬው 2446 ሲሲ ካለ ያ 2ኤል ሞተር ነው። 3ኤል 2779 ሲሲ ነው። ስለዚህ ወይ ሻጩ ዋሽቶሃል ወይ ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ አልተስተካከለም። መጀመሪያ ሞዴሉን እይ፣ ኤልኤን105 ካለ ከፋብሪካ የወጣችው በ2ኤል ነው፣ ኤልኤን106 ከሆነ በ3ኤል ነው። ሞተር መቀየሩ በራሱ ነውር የለውም፣ እንደውም 3ኤል ከሆነ ተሽሎሃል፣ ነገር ግን ብሎኩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ስም ማዛወር ላይ ቀጥ ብለህ ትቆማለህ፣ መንገድ ላይም ትራፊክ ኮፈን ክፈት ካለህ የሰረቀ ሰው ትመስላለህ። ሞተሩ ከየት መጣ፣ የተገዛበት ደረሰኝ ወይም የጉምሩክ ወረቀት የታለ፣ ይሄን ሁሉ ማስተካከል ያለበት ሻጩ ነው እንጂ አንተ አይደለህም። ከሸጠልህ በኋላ ስልኩን አያነሳም።
ሻንሲ ቁጥሩ ደግሞ በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ ሻንሲው ላይ ተቀርጿል። የአክስትህ ልጅ ቆሻሻውን በናፍጣ አጥቦ ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ይፋቀው፣ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣለታል። ዙሪያው የብየዳ ምልክት ካለው ወይም አንዱ ፊደል ከጎረቤቱ ከረዘመ አትጠጋት።

ውክልና ያቃጠለኝ
እኔ ሀዋሳ ነኝ፣ ስለ ሞተር አላውቅም፣ የማውቀው ውክልና ነው። የዛሬ አምስት ዓመት አንድ ፒክአፕ በውክልና ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው ከሌላ ሰው በውክልና የገዛ ነው፣ ያም እንደዛው፣ ማንም ስም አላዞረም ምክንያቱም ሁሉም የስም ማዛወሪያውን ለቀጣዩ ነው የሚተወው። እኔም ዛሬ ነገ ስል ስድስት ወር ቆየሁ። አንድ ቀን ላዙር ብዬ ስሄድ ባለ ሊብሬው ሰውዬ ካረፉ ቆይተዋል፣ ወካዩ ሲሞት ደግሞ ውክልናው ያበቃል። ወራሾቹ አራት ልጆች ናቸው፣ አንዷ ውጭ ሀገር ነች፣ አንደኛው መኪናዋን አባታችን መቼ ሸጠ አለ። ሁለት ዓመት ተመላለስኩ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ጎማዋ ተሰነጣጠቀ፣ ዶሮ ገብቶባት እንቁላል ይጥል ነበር እውነቴን ነው።
ስለዚህ ባለ ሊብሬው በአካል ይምጣ በለው። ካልሆነ ቢያንስ በህይወት መኖራቸውን በስልክ አናግረህ አረጋግጥ፣ ውክልናው አለመሻሩንም ከሰጠው መስሪያ ቤት አጣራ። ድሬዳዋ ውልና ማስረጃ አለ፣ ውሉን እዛ ተዋዋሉ። ያገባ ከሆነ ባለቤቱም መፈረም አለባት፣ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያመጣል። ከትራንስፖርት ቢሮ ከእዳና እገዳ ነጻ የሚል ወረቀትም በአዲስ ቀን ይውጣ፣ የባለፈው ዓመት ወረቀት አይሰራም።

የከዚራ ልጅ
ትክክል። አንድ ልጨምር፣ ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን አጣራ። ድሮ የእርዳታ ድርጅት የነበሩ ወይ ለኢንቨስትመንት ተብለው ከቀረጥ ነጻ የገቡ ፒክአፖች አሉ፣ ቀረጡ ሳይከፈል ለሌላ ሰው አይዞሩም። በጠረፍ በኩል በኮንትሮባንድ የገባም አይጠፋም። ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ሰነዱ) ይታይ። ዋጋው ከአዲስ አበባው በጣም ከረከሰ ምክንያት አለው አቦ፣ ሰው ዝም ብሎ አያረክስም።

ጠያቂ
እናንተ ባትኖሩ ዛሬ 50 ሺውን ልኬ ነበር እኮ። ስለ ሞዴሉ ጠየኩት ሊብሬው ላይ ኤልኤን105 ነው የሚለው። ስለ ሞተሩ ስጠይቀው "ተቀይሯል ግን ማንም አያይም" አለኝ። ቀብዱስ ታዲያ ጭራሽ አልላክ?

ውክልና ያቃጠለኝ
ቀብድ በስልክ አይላክም። በህጉ ቀብድ የሰጠ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል፣ ግን ያ የሚሰራው የተፈረመ ወረቀት ሲኖርህ ነው። ለባለ ሊብሬው ያልተከፈለ ቀብድ ከማን ትጠይቃለህ። የአክስትህ ልጅ በወረቀት በምስክር ትንሽ ነገር ይስጥ፣ ቀሪው በሲፒኦ (ባንክ በሚሰራው የክፍያ ማዘዣ)፣ ሲፒኦውም በባለ ሊብሬው ስም ተሰርቶ የምትሰጠው ውሉ በተፈረመ ቀን ነው። ጥሬ ገንዘብ በጆንያ ይዘህ አትሂድ።

የጅቡቲ መስመር ሾፌር
መንገዱን እኔ ልንገርህ። ከድሬ አርባ ምንጭ ወደ 900 ኪሎሜትር ነው፣ በጭሮ ሚኤሶ አዋሽ አዳማ ሞጆ ሻሸመኔ ሀላባ ሶዶ። ማስጫን ካልክ፣ ከጅቡቲ የሚመጣው መኪና ሁሉ ወደ መሀል ሀገር ጭኖ ነው የሚሄደው፣ ባዶውን የምታገኘው ወደ ታች ሲመለስ ነው፣ ስለዚህ ባንተ አቅጣጫ ርካሽ ጭነት የለም። ኤፍኤስአር (የጭነት መኪና) ላይ ልጫን ብትል መውጫ የአፈር ክምር መፈለግ አለብህ፣ ማውረጃም እንደዛው፣ ደግሞ ሰው ገመዱን ቦዲው ላይ ያስራል፣ አክሰሉ ላይ ካልታሰረ መንገድ ላይ ትዘላለች። ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ንዳት፣ ጤነኛ ካልሆነ ደሞ ለምን ትገዛታለህ።
የመጀመሪያው ፈተና ደንገጎ ነው። ድሬ ሞቃት ነች፣ ገና ከከተማ ሳትርቅ ተራራ ትጀምራለህ፣ ስለዚህ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስተህ አየሩ ሳይሞቅ ጨርሰው። የሙቀት ጌጁ ከመሀል ካለፈ ቁም፣ ሞተሩን ወዲያው አታጥፋ ትንሽ በሚኒሞ ትስራ፣ የራዲያተር ክዳን በፍጹም በሙቀቱ አትክፈት። ሁለተኛው ቁልቁለቱ ነው፣ ከቁልቢ እስከ ጭሮ መውጣት መውረድ ነው። ናፍጣ ልቆጥብ ብለህ በፎሌ (ማርሽ አውጥተህ) እንዳትወርድ!! በከባድ ማርሽ ውረድ፣ የፍሬን ሽታ ከመጣብህ ቆመህ አቀዝቅዘው። ከሚኤሶ በኋላ ሜዳ ነው ግን ሙቀትና ግመል ነው፣ መተሀራ አካባቢ ግመል መንገድ ላይ ከቆመ ክላክስ አይሰማም። ማታ አትንዳ። ከመነሳትህ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም የዛን ቀን የመጣ ሾፌር ጠይቅ፣ የትናንት ወሬ አይሰራም። ናፍጣ የሚከፈለው በስልክ ስለሆነ ቴሌብርህ ላይ በቂ ብር ይኑር፣ ስልክህም ቻርጅ ይኑረው፣ አንዴ ባትሪ ዘግቶብኝ ሰልፉን እንደገና ተሰልፌያለሁ።

አሮጌ መካኒክ
ጥሩ ተናግሯል። እኔ ከመነሳት በፊት ያለውን ልበል። ጠዋት ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ኮፈኑን በእጅህ ዳሰው፣ ከሞቀ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቷታል ማለት ነው፣ ነገ እንመለስ በለው። ስትነሳ ትንሽ ጭስ ያለ ነው፣ ሰማያዊ ጭስ ሳያቋርጥ ከወጣ ዘይት እየበላች ነው። የዘይት ክዳኑን ክፈተው እየሰራች፣ እንደ ባቡር ከተነፈሰ ፒስተኑ አልቋል። ራዲያተሩ ገና ሳይሞቅ ተከፍቶ ውሃው ከፈላ የሚመስል አረፋ ካወጣ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን ሄዷል ወይ ቴስታታው ተሰንጥቋል። የታይሚንግ ችንጋውን (የሞተሩን ቀበቶ) መቼ ተቀየረ ብለህ አትጠይቅ፣ ሁሉም "በቅርቡ" ነው የሚለው። በ100 ሺ ኪሎሜትር የሚቀየር ነገር ነው፣ ቆጣሪው ደግሞ የቆመ ነው የሚሆነው። እዛው ድሬ አስቀይር፣ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ቫልቩን ይዞ ነው የሚሄደው። ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ፣ 2309 ካለ በ2009 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አሮጌ ነው። ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ማኒኮቶ (የራዲያተር ጎማ ቱቦ) ከነማሰሪያው፣ ተጨማሪ ችንጋ፣ 20 ሊትር ውሃ ያዝ።

ጠያቂ
ከወር በላይ ጠፋሁ ይቅርታ። መኪናዋ ግቢዬ ውስጥ ነች። ረጅም ነው ግን ልንገራችሁ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል።
ከጥምቀት በኋላ ነው የሄድኩት። መካኒክ ይዘን አየናት፣ ብሎኩ ላይ እውነትም 3ኤል ነው፣ ሻንሲው ንጹህ ነው፣ ማግኔቱ ግን የግራ በሩ ላይ አልያዘም፣ ስቱኮ ነው፣ እሱን ቻልኩት። ባለ ሊብሬው ይምጡ ስል ሻጩ ተቆጣ፣ በቃ ተወው አለኝ፣ እኔም ተውኩት ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ራሱ ደወለ። ባለ ሊብሬው ሀረር የሚኖሩ አዛውንት ናቸው፣ ከባለቤታቸው ጋር መጡ፣ ሽማግሌው መኪናዋን ሲያዩ ቦዲዋን ዳሰስ አድርገው "አለሽ እንዴ" አሏት፣ ሁላችንም ሳቅን። ከሸጧት ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ እስካሁን በስማቸው መሆኗን እንኳ አያውቁም፣ አደጋ ብታደርስ ተጠያቂው እሳቸው ነበሩ እኮ። የሞተሩን ቁጥር ሊብሬው ላይ ለማስተካከል ዘጠኝ ቀን ፈጀ፣ ወጪው በሻጩ። ዋጋው 1 ሚሊዮን 640 ሺ ላይ ወረደ። እኔ ደግሞ ችንጋ፣ ሁለት ጎማ፣ ባትሪና የሆቴል ወጪ ሲደመር ያተረፍኩትን አወጣሁት ማለት ይቻላል።
ደንገጎን በ11 ሰዓት ተነስቼ በሰላም ወጣሁ። ሂርና ላይ ግን የላይኛው ማኒኮቶ ፈነዳ፣ እንፋሎቱ ኮፈኑን ሲያለብሰው ነፍሴ ወጣች፣ የተባለውን ይዤ ስለነበር በ40 ደቂቃ ተቀይሮ ተነሳሁ። ጋሼ መካኒክ እድሜ ይስጥዎት። አዳማ አደርኩ፣ በማግስቱ ማታ 12 ሰዓት አርባ ምንጭ ገባሁ።
አሁን ሁለት ነገር ቀረኝ። ታርጋው የድሬ ነው፣ እና ሙዝ ስጭን ወደ ግራ ታዘነብላለች።

ውክልና ያቃጠለኝ
ታርጋውን ነገ ሳትል ጀምር። እዛ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ፋይሉ ከድሬ እንዲላክ ደብዳቤ አጽፍ፣ የድሬውን ታርጋ መልሰህ ያንተን ትወስዳለህ። የቴምብር ቀረጡን ሲያሰሉ ቢሮው የራሱን ግምት ስለሚያወጣ ውሉ ላይ ካለው ዋጋ ከበለጠ አትደንግጥ። የአክስትህ ልጅ እዛ ፋይሉን ይከታተል፣ ካልተከታተሉት መደርደሪያ ላይ ነው የሚያድረው።

አሮጌ መካኒክ
የግራው ባሌስትራ (መኪናዋን የሚሸከመው የብረት ቅጠል) ነው። በሹፌር በኩል ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይደክማል። ቅጠል ጨምርልኝ ብለህ በግራ ብቻ እንዳታስጨምር፣ ሁለቱንም አስወርደህ ጎን ለጎን አስለካ፣ የተሰነጠቀ ቅጠል ካለ እሱ ብቻ ይቀየራል፣ የመሀል ቡሎኑንም እዩት ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። እስከዛ ሙዙን በግማሽ ጫን።

ጠያቂ
እሺ ጋሼ። ቅዳሜ አስወርጄ ፎቶ እልካለሁ።