ለ1,000 ያርድ ዒላማ ስንት ኢንች በርሜል ልዘዝ?

የአውሮራው

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ አጭር ናት፤ ማሳጠር ስለማይሆንልኝ ግን ታገሡኝ።

ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው የምኖረው። ዒላማ መተኮስ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስካሁን የምተኩሰው ከሥራ ባልደረባዬ በገዛሁት፣ 308 የሚባለውን ጥይት በሚጎርስ የአደን ጠመንጃ ነው፣ በርሜሉ 20 ኢንች። እስከ 600 ያርድ ብዙም አያሳፍረኝም። 800 ላይ ስደርስ ግን የብረት ዒላማው መጮሁን ይተውና አቧራ ብቻ ይነሳል። አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች፣ አንዳንዴም የት እንደገባ ጥይቱ ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አሁን 6.5 ክሪድሙር የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ለመግዛት ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ። ሐሳቤ 1,000 ያርድ ላይ ወረቀትና ብረት መምታት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በደረቴ ተኝቼ በባይፖድ (ከጠመንጃው ሥር በሚቆመው ባለሁለት እግር መደገፊያ)። አደን አልሄድም፣ ተራራ ለተራራ ተሸክሜው አልዞርም። የቸገረኝ በርሜሉ ነው። ሱቅ ያለው ልጅ "ሩቅ ካሰብክ 28 ነው" አለኝ። አብሮኝ የሚተኩሰው ጓደኛዬ "20 ይበቃሃል፣ የማይስተው አጭሩ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። አባቴ ደግሞ ጎጃም ነው፣ በስልክ ስንጫወት ነገሩን ባነሳበት ከት ብሎ ሳቀና "ይኼ ምን ጥያቄ አለው፣ ረጅሙን ነዋ! ውጅግራ ሩቅ የሚመታው በምኑ መስሎህ ነው?" አለኝ።

ሦስቱም እርግጠኞች ናቸው። ግራ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። 20፣ 24፣ 26፣ 28። እናንተ ብትሆኑ የቱን ታዛላችሁ?

ጋሽ ቀለህ

አባትህን አትናቃቸው። ለሚያውቁት ጠመንጃ የተናገሩት ትክክል ነው።

ውጅግራ "ፉዚ ግራ" ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ስም ነው፣ የ1874 ሥሪት፣ 11 ሚሊ ሜትር እርሳስ የሚተፋ። በርሜሉ 82 ሳንቲ ሜትር ነው። የክላሽ 41 ተኩል ነው፣ ግማሹ ማለት ነው። ውጅግራ ያን ያህል የረዘመበት ምክንያት ነበረው፤ የሚጎርሰው ጥቁር ባሩድ ስለሆነ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፣ ያን ከባድ እርሳስ አፍጥኖ ለማስወጣት ረጅም መንገድ ይፈልጋል። ደግሞም ጥይት ሲያልቅ ጫፉ ላይ ሳንጃ ተሰክቶ ጦር መሆን ነበረበት። አንተ ክሪድሙር ላይ ሳንጃ እንደማትሰካ ተስፋ አደርጋለሁ።

የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ሌላ ነው። ጥይቱ ገና ጥቂት ኢንች ሳይሄድ ግፊቱ ጣራ ይነካና ከዚያ እየወረደ ይሄዳል። የቀረው በርሜል ጭማሪ ይሰጥሃል፣ ግን እየቀነሰ የሚሄድ ጭማሪ። በክሪድሙር ለአንድ ኢንች ከ20 እስከ 25 ጫማ በሰከንድ ቢሆን ነው። የ140 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) የውድድር ጥይት ካርቶን ላይ 2,710 ተብሎ የተጻፈው በ24 ኢንች በርሜል የተለካ ነው። በዚህ ሂሳብ 20 ላይ ወደ 2,620 ትወርዳለህ፣ 26 ላይ 2,755 አካባቢ፣ 28 ላይ 2,800 ብትደርስ ነው። በርሜል ከበርሜል ስለሚለያይ ቁጥሩን እንደ ወንጌል አትያዘው። አንዳንዴ የአንዱ 24 የሌላውን 26 ይበልጣል።

አሁን ይኼ 1,000 ያርድ ላይ ምን ይሠራል በለኝ። ባሕር ጠለል አካባቢ በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ነፋስ ያን ጥይት ወደ 6 ጫማ ይገፋዋል። ከ24 ወደ 26 ብትሄድ ከዚህ ላይ የምታተርፈው 2 ኢንች አካባቢ ነው። ነፋሱን 10 ነው ብለህ 8 ሆኖ ከተገኘ ግን ከ1 ጫማ በላይ ስተሃል። አየህ? የምትጨነቅበት ነገር 2 ኢንች፣ የማትጨነቅበት 14 ኢንች።

ደግሞ ክሪድሙር ከ20 ኢንች ቢወጣም 1,000 ላይ ሲደርስ ገና ከድምፅ ይፈጥናል። ስለዚህ ጓደኛህ "ይደርሳል" ካለህ አልዋሸም። "የማይስተው አጭሩ ነው" ያለውን ግን ለሌላ ሰው እተወዋለሁ፣ እጄ ደከመ።

የዴንቨር ጎረቤት

ጋሼ እጅዎ ሲደክም እኔ ልቀበልዎት።

ወንድም፣ ጓደኛህ የሰማው ነገር ግማሹ እውነት ነው። በርሜል ሲተኮስ ይርገበገባል። ውፍረቱ እኩል ሆኖ ርዝመቱ ሲጨምር በአንድ በአንድ አይደለም የሚለመጠው፣ በኪዩብ ነው። 28ቱ ከ20ው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ይለመጣል። ግን ውፍረት ደግሞ ከዚያም በላይ ይሠራል፣ በአራተኛ ኃይል። ስለዚህ ወፍራም 26 ከቀጭን 20 ይበልጥ ደረቅ ነው። ሰው ርዝመቱን እንጂ ውፍረቱን አይጠይቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም ነበር።

ታሪኬን ልንገርህ። እንዳንተ "ሩቅ ካሰብክ 28" ተባልኩና 28 ገዛሁ፣ ቀጭን። የመጀመሪያዎቹ አራት ጥይቶች አንድ ቦታ ላይ ይገቡልኛል። አምስተኛው ላይ በርሜሉ ይሞቅና ቀዳዳዎቹ ወደ ላይና ወደ ቀኝ መሰደድ ይጀምራሉ። አንድ ሱቅ ወስጄ "22 አድርጉልኝ" አልኩ። ቆረጡት። ቤት ስመለስ 100 ያርድ ላይ 1 ኢንች ይሰበስብ የነበረው ጠመንጃ 2 ኢንች ይበትናል። ሌላ ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ ሄድኩ፤ ሰውዬው መብራቱን አብርቶ የአፈሙዙን ከንፈር በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ዞር ዞር አደረገውና ከአንድ ወገን ጥጡን ክሩን ሲይዝበት አሳየኝ። ጥይቱ ከበርሜሉ ሲወጣ መጨረሻ የሚነካው ያን ከንፈር ነው። ጋዙ ከአንድ ጎን ቀድሞ ካመለጠ ጥይቱን ገፍቶ ነው የሚሸኘው። ሰውዬው ከንፈሩን እንደገና ሠራው፣ በአንድ ከሰዓት ጠመንጃዬ ተመለሰልኝ። ስለዚህ መቁረጥ ይቻላል፣ ግን የሚቆርጠውን ሰው እወቀው። መቀጠል ደግሞ አይቻልም።

ድምፅ ማፈኛ ልትገጥምበት ነው? ከሆነ 7 ኢንች ገደማ ጨምርበት። 28 ላይ ማፈኛ ስትገጥም ጠመንጃ መሆኑ ያበቃና ዓሣ ማጥመጃ ይሆናል። ክብደቱንም አስበው። ወፍራም በርሜል ለአንድ ኢንች 80 ግራም ያህል ነው፣ ያውም ጫፉ ላይ። ተኝተህ ለምትተኩሰው ጥሩ ነው፣ ባይፖዱ ይሸከምልሃል፣ ርግጫውም ይቀንሳል።

ሌላው ግን፣ ያ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች የምትለው አቧራ የርዝመት ነገር አይመስለኝም። እኛ ያለንበት ከፍታ 1,600 ሜትር ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ 308ህ 800 ላይ መዋረድ አልነበረበትም። ምን ጥይት ነው የምትተኩሰው?

የአውሮራው

ርካሹን። 147 ግሬን፣ በጅምላ የሚሸጠውን። ለልምምድ ብዬ ነው።

የዴንቨር ጎረቤት

ልምምድ አይደለም፣ ሎተሪ ነው። ፍጥነት መለኪያ ተዋስና 10 ጥይት ተኩስበት።

የአውሮራው

ቅዳሜ ተውሼ ተኮስኩ። አፍሬ ነው የምጽፈው። ትንሹ 2,641፣ ትልቁ 2,735። በአንድ ካርቶን ውስጥ! ለብዙ ወር ትንፋሼን፣ ቃታ አሳሳቤን፣ ሰደፉን የምደገፍበትን ትከሻዬን ሳይቀር ስወቅስ ነበር።

ጋሽ ቀለህ

94 ጫማ ልዩነት። ያ ብቻውን 800 ላይ ከ1 ጫማ በላይ ከላይና ከታች ይበትንሃል። አራት ኢንች በርሜል ጨምረህ ከምታገኘው ፍጥነት ጋር እኩል ነው እኮ! በርሜል ጨምረህ የምትፈልገውን፣ ካርቶኑ በየጥይቱ አንዴ ሲሰጥህ አንዴ ሲነሳህ ነበር።

የቨርጂኒያዋ

ወንድሞቼ የሳቱት አንድ ነገር አለ። የትኛው ጨዋታ ውስጥ ልትገባ ነው? ርዝመቱን የሚወስነው እሱ ነው።

እኔ የምወዳደረው ኤፍ ቲ አር በሚባለው፣ ተኝተን በባይፖድ ሩቅ ወረቀት በምንመታበት የውድድር ክፍል ነው። እዚያ የሚፈቀደው 223 ወይም 308 ብቻ ነው፣ ባይፖዱን ጨምሮ ከ8.25 ኪሎ መብለጥ የለበትም። በርሜሌ 30 ኢንች ነው፣ አጠገቤ የሚተኛውም ሰው ብዙ ጊዜ 30 ነው የያዘው። እብደት አይደለም። እኛ ያለነው ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ አየሩ ወፍራም ነው፣ 308 ደግሞ እንደ ክሪድሙር የተረፈ ፍጥነት የለውም። የታወቀው 168 ግሬን ጥይት 1,000 ሳይደርስ ወደ ድምፅ ፍጥነት ይወርድና መንገዳገድ ይጀምራል፣ ወረቀቱ ላይ በጎኑ ተኝቶ የገባ ቀዳዳ አይቻለሁ። ስለዚህ እያንዳንዷ ኢንች ለእኔ ትቆጠራለች። ጠመንጃዬን የምሸከመው ደግሞ ከመኪናው እስከ ምንጣፌ ብቻ ነው።

አንተ ክሪድሙር ይዘህ እዚህ ክፍል አትገባም፣ ሌሎች ጥይቶችም በሚፈቀዱበት፣ ኤፍ ኦፕን በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው የምትመደበው። እዚያ 10 ኪሎ የሚደርሱ 7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃዎች ይጠብቁሃል። ለመማር ምንም አይደለም፣ ለማሸነፍ ግን ይከብድሃል። ብረት እየተዘዋወርክ ከእንጨትና ከድንጋይ ላይ በሰዓት ተይዞብህ የምትተኩስበትን ውድድር ከፈለግህ ደግሞ ከ24 እስከ 26 ነው አብዛኛው ሰው የሚይዘው፣ 30 ይዘህ አጥር ውስጥ ስታሾልክ ሳቅ ታስነሳለህ።

ወረቀቱን ደግሞ አስበው። 1,000 ያርድ ላይ የእኛ 10 ቁጥር ስፋቱ 10 ኢንች ነው፣ መሃሉ ላይ ያለችው ኤክስ 5 ኢንች። አሁን ጋሼ የነገሩህን የነፋስ 14 ኢንች እዚያ ላይ አስቀምጠው። ኦሃዮ፣ ካምፕ ፔሪ የሄድኩ ጊዜ ሜዳው ኤሪ ሐይቅ ዳር ነው፣ ባንዲራዎቹ እኔ ጋ ወደ ግራ፣ ዒላማው ጋ ወደ ቀኝ ሲውለበለቡ አይቼ ቃታውን ሳልስብ ሙሉ ደቂቃ ዝም ብዬ ተኛሁ። በርሜሌ 30 ነው፣ ምንም አላማከረኝም።

እኔ ብሆን ወፍራም 26 አዝዛለሁ። 24ም ብትል አልጣላህም፣ በተለይ ማፈኛ ካለ። ደግሞ ትዳር አታድርገው። የክሪድሙር በርሜል ከ2,000 እስከ 3,000 ጥይት ነው ጥሩ ዕድሜው፣ ከዚያ ጉሮሮው (ጥይቱ ወደ በርሜሉ የሚገባበት መነሻ) ይበላል። እንደ መኪና ጎማ ነው፣ ይለወጣል። የመጀመሪያውን ስትጨርስ ሁለተኛው ስንት ኢንች መሆን እንዳለበት ማንንም አትጠይቅም። ጥምዙን (በርሜሉ ውስጥ ጥይቱን የሚያሽከረክረውን ጠመዝማዛ መስመር) ግን እንዳትረሳ፣ ለ140 ግሬን በ8 ኢንች አንዴ የሚዞር ይሁን።

የዴንቨር ጎረቤት

እህቴ ጨረሰችው። እኔ 24 ነኝ፣ ግን ማፈኛ ስላለኝ ነው።

የአውሮራው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ማፈኛ ለጊዜው የለኝም። ትናንት ሜትር ይዤ ጋራዥ ወረድኩ። በ26 በርሜል ሳጥኑ ከእኔ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አይገባም፣ የኋላ ወንበሩ አንዱ ካልታጠፈ። የታጠፈው ወንበር ላይ ደግሞ የልጄ መቀመጫ ነበር። ወደ ቀኝ አዛውሬዋለሁ፣ ባለቤቴ ስትጠይቀኝ "ፀሐይ ስለሚመታት ነው" ብያለሁ።

26፣ ወፍራም፣ በ8። ዛሬ ጠዋት አዘዝኩ። ከዋጋው ልዩነት የተረፈኝን 28 እንደገዛሁ ቆጥሬ ሁለት ካርቶን የውድድር ጥይት ጨመርኩበት፣ ያ የጅምላው ይብቃኝ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። አባቴ እሑድ ይደውላል። የኢንችና የነፋሱን ነገር ላስረዳው ብል መስመሩ ሳይቆረጥ አንጨርስም። ምን ልበለው?

ጋሽ ቀለህ

"ረጅሙን ገዛሁ" በላቸው።