አስቸኳይ፦ የሳንባ ውኃ መለኪያው በየጊዜው የተለያየ ቁጥር ይሰጠናል

የሌሊት ተረኛ፦
እባካችሁ አሁኑኑ እርዱኝ። ለገጣፎ አካባቢ ባለ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። በከባድ የሳንባ ምች የገቡ እናት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ናቸው፤ ራጃቸው በሁለቱም በኩል ነጭ ነው። መለኪያው ቀዝቃዛ ሳላይን (የጨው ውኃ) በደም ሥር ሲሰጥ የደሙን ሙቀት ለውጥ አይቶ የሳንባውን ውኃ ያሰላል፤ ስንለካ መጀመሪያ 6፣ ቀጥሎ 19፣ ቀጥሎ 11 አለ። የደም ግፊታቸው እየወረደ ነው። የሳንባቸው የደም ሥሮች እያፈሰሱ ከሆነ ፈሳሽ መጨመሩ ያስፈራኛል። የትኛውን ቁጥር እንመን?

አንጋፋው፦
መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ሳንባ ውኃ የሚሞላው በሁለት መንገድ ነው። ልብ ሲደክም በደም ሥሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ ውኃውን ወደ ውጭ ይገፋል። በኢንፌክሽን ጊዜ ግን ግድግዳው ራሱ ተጎድቶ ፕሮቲን ጭምር ያሳልፋል። ስለዚህም ከአየር ቧንቧ የተቀዳው ፈሳሽ ፕሮቲን ከደሙ ፕሮቲን ጋር ይነጻጸራል፤ የፈሳሹ ለደሙ ተካፍሎ ውጤቱ ከ0.65 በላይ ከሆነ ማፍሰስን ያመለክታል። ጨረር በሚያመነጭ ንጥረ ነገር፣ በጋሊየም 67፣ ማፍሰሱ የሚለካበት ዘዴም አለ፤ እሱ ግን የምርምር ቤት ሥራ ነው።

ሰመመን ሰጪ፦
ሳላይኑ ቀዝቃዛ ነው? 15 ሚሊ ሊትር፣ ከ8 ዲግሪ በታች፣ በፍጥነት በአንድ ግፊት ይሰጥ። 3 ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። ጤነኛ ሰው ላይ የሳንባው ውኃ በኪሎ ክብደት ከ3 እስከ 7 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከ10 በላይ ብዙ ውኃ አለ። የማፍሰስ መለኪያው (የሳንባው ውኃ በሳንባው የደም መጠን ሲካፈል) ደግሞ ከ3 በላይ ከሆነ ጥፋቱን ወደ ደም ሥሮቹ ያዞራል።

የሌሊት ተረኛ፦
መብራት ከማታ ጀምሮ ይጠፋል፣ ይመጣል። ማቀዝቀዣው ከጄኔሬተሩ ጋር አልተያያዘም። አንገታቸው ላይ መስመር ማስገባት ስላልተቻለ ሳላይኑን የምንሰጠው በብሽሽት ነው።

ብሩክ ቀን፦
ሳላይኑን አቀዝቅዙት! ለስላሳ የሚሸጥ ጎረቤት ካለ በረዶ ለምኑ፤ ለታማሚ ነው ስትሏቸው እምቢ አይሉም። ጠርሙሱ እንደታሸገ በረዶው ውስጥ ይቀመጥ።

ሰመመን ሰጪ፦
ሲስተር፣ ይህን መጀመሪያ ቢነግሩን! የሙቀት መለኪያው ካቴተርም (በደም ሥር የሚገባው ቀጭን ቱቦ) በዚያው በብሽሽት ነው? በአንድ ወገን ከሆኑ ቅዝቃዜው በቅርብ ሆኖ ንባቡን ሊያዛባ ይችላል። በብሽሽት ሲሰጥ በልብ ውስጥ ያለው የደም መጠን ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይሰላል፤ የሳንባው ደም ከዚያ ስለሚሰላ የማፍሰስ መለኪያውም ያን ጊዜ ያለአግባብ ዝቅ ይላል። ዝቅ ያለ ቁጥር አይተው «ደም ሥሩ ደህና ነው» አይበሉ።

የድንገተኛ ሐኪም፦
እኔ በጥያቄው ራሱ አልስማማም። ግፊቷ የወረደ እናት ቁጥር እስኪስተካከል አትጠብቅም። ተረኛውን ሐኪም አሁን ጥሩ። አልትራሳውንድ አምጡና ልቧ እንዴት እንደሚጨመቅ፣ ሳንባዋ ላይ ቀጥ ያሉ ነጭ መስመሮች መኖራቸውን ተመልከቱ። ፈሳሽ ከመስጠታችሁ በፊት እግሯን ከፍ አድርጋችሁ ልብ የሚረጨው ደም መጨመሩን እዩ፤ ካልጨመረ ፈሳሹ ሳንባ ውስጥ ይቀራል።

አንጋፋው፦
አልትራሳውንድ ውኃ መኖሩን ያሳያል እንጂ ከየት እንደመጣ ብቻውን አይነግርም። የደሙን ኦክስጅን ከምንሰጠው ኦክስጅን ጋር የምናነጻጽርበትን ስሌት በተመለከተም፣ እ.ኤ.አ. የ2012ቱ የበርሊን ትርጉም (ድንገተኛ ከባድ የሳንባ ጉዳት የሚለይበት መስፈርት) ከ1000 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የአየር ግፊት ማስተካከያ ይጠይቃል። እኛ ከ2300 ሜትር በላይ ነን፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

የድንገተኛ ሐኪም፦
ትክክል ነው፤ ለዛሬ ሌሊት ግን ልቧን ማየት ይቀድማል።

የሌሊት ተረኛ፦
ሁለቱም በቀኝ ብሽሽት ናቸው። ሐኪሙ እየመጣ ነው። በረዶ ልከናል።

ሰመመን ሰጪ፦
እስከዚያ አንድ ነገር ይዩልኝ፦ የሳንባ ውኃ መለኪያው ውስጥ ቁመታቸው በትክክል ገብቷል? በኪሎ የሚካፈለው ከቁመትና ከጾታ በሚሰላ ክብደት ነው። በግምት ከገባ በበረዶም ቢሆን ቁጥሩ አይስተካከልም። ተለክቶ ይግባ።