ተራ ስጠብቅ የምጫወተው የካርድ ጌም ምረጡልኝ

ተራ ጠባቂ፦
ሰላም ናችሁ። አንድ ነገር አማክሩኝ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ኡበር ነው የምሠራው። ደለስ ኤርፖርት ማቆሚያው ውስጥ ተራ ስጠብቅ አንዳንዴ አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴ ከሰዓት በላይ እቀመጣለሁ። ቲክቶክ ሰለቸኝ። አዲስ አበባ እያለሁ ኮንከር ላይ ቀልድ አላውቅም ነበር። እዚህ ግን ካርታ የሚጫወት ሰው ከየት ይመጣል?

የእህቴ ልጅ "ስልክህ ላይ የካርድ ጌም ጫን" ብሎ ስም ደረደረልኝ፦ ሀርትስቶን፣ ማጂክ አሬና፣ ማርቭል ስናፕ፣ ፖኬሞን ፖኬት፣ ዩጊዮ። በየቱ ልጀምር? ሻምፒዮን የመሆን ሐሳብ የለኝም። ቶሎ የሚያልቅ ይሁን፣ ጥሪ ሲመጣ ጥዬው ብነሳ አይቆጨኝ፣ ኪሴንም አያራቁት። አንድ ጊዜ ከፍሎ መገላገል ከሆነ እሺ። በየወሩ ክፈል ከተባልኩ ግን ይቅርብኝ።

ስድስት ዙር፦
ማርቭል ስናፕን ጫን፣ ሌላውን እርሳው። ይዘህ የምትገባው 12 ካርድ ብቻ ነው፤ ጨዋታው በ6 ዙር ያልቃል። ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ነው የምትጥሉት፣ "እሱ አስቦ እስኪጨርስ" ብሎ ነገር የለም። ሜዳው ላይ ሦስት ቦታዎች አሉ፣ ሁለቱን የያዘ አሸነፈ። በመጀመሪያው ዙር 1 ኃይል ይሰጥሃል፣ በስድስተኛው 6። አረንጓዴውን ሀልክን ታውቀዋለህ አይደል? 6 ኃይል ትከፍልበታለህ፣ 12 ነጥብ ያመጣልሃል፣ አለቀ።

ጣዕሙ ያለው ቦታዎቹ ላይ ነው። በየጨዋታው ይለዋወጣሉ። አንዱ ላይ የጣልከው ካርድ ወዲያው ይወድማል። መጀመሪያ ሲገጥመኝ ስልኬን ልወረውረው ነበር። በኋላ ነው መውደም የሚጠቅማቸው ካርዶች እንዳሉ የገባኝ። ዎልቨሪንን እዚያ ጣለውና ዕድል በጣለው ቦታ ላይ ጠንክሮ ይነሳልሃል። ደግሞ እጅህ ጥሩ ከሆነ ከላይ ያለችውን ኩብ ነካ ታደርጋታለህ፣ መደቡ እጥፍ ይሆናል። ባዶ እጅህን ሆነህም መንካት ትችላለህ፣ ሰውዬው ደንግጦ ከወጣልህ። ኮንከር የለመደ ሰው ይህን አያጣውም።

የሌሊት ፈረቃ፦
ወንድሜ፣ እኔም ሹፌር ነኝ። ስድስት ዙር ያለው ሁሉ እውነት ነው፣ ስናፕ ቆንጆ ጌም ነው። ግን የጠየቅከውን አልመለሰልህም። ጥሪ ስትቀበል እኮ ያለህ ጊዜ በሰከንድ ነው። አንተ መንገደኛ ስታነሳ ጨዋታው አይጠብቅህም። ባለፈው ወር ሁለታችንም መደቡን አጥፈን፣ አምስተኛው ዙር ላይ እየመራሁ፣ ስልኩ ጮኸ። ሦስት ሻንጣ ጭኜ ስመለስ ተሸንፌያለሁ።

ስለዚህ "የቱ ጌም ይሻላል" ከማለትህ በፊት "የቱ ይጠብቀኛል" በል። ከሰው ጋር በቀጥታ የምትጫወተው ማንኛውም ጌም አይጠብቅህም። ማጂክ የሁሉም አባት ነው። ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በወረቀት ሲጫወቱት የኖሩት ነው፣ ጥልቀቱም ሌላ ነው። ግን 60 ካርድ ነው፣ ሌላውን ካርድ ለመጣል ኃይል የሚሰጥህ የመሬት ካርድ ካልመጣልህ እጅህን አጣጥፈህ ስትደበደብ ታያለህ። ዩጊዮ ላይ ሰውዬው አንዷን ተራውን ተጫውቶ እስኪጨርስ ማኪያቶህ ይቀዘቅዛል። ሀርትስቶን ለእረፍት ቀንህ ይሁን። እዚያ ውስጥ ባትልግራውንድስ የሚባል ስምንት ሰው የሚገጥምበት አለ፣ ካርድ መሰብሰብ አይጠይቅም። ግማሽ ሰዓት ግን ይበላሃል።

የናቲ እናት፦
የእህትህ ልጅ ፖኬሞን የሚሰበስብ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፣ ፖኬትን ጫን። በየ12 ሰዓቱ አንድ ፓኬት በነፃ ትከፍታለህ፣ ውስጡ 5 ካርድ። ከፍተህ፣ አይተህ፣ ትዘጋዋለህ። የእኔ ጠዋት ሻይ እስኪፈላ ያልቃል። መጫወት ሲያምርህ 20 ካርድ ነው፣ 3 ነጥብ የቀደመ ያሸንፋል። ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻ መጫወትም ይቻላል፣ ያኔ ጥለህ ብትነሳ ማንም አይቀየምህም።

ከብራስልስ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ክፉ አድርጋችሁ አትዩብኝ። ፓኬቱ ነፃ የሚሆነው እስክትለምደው ነው። ውስጡ ያለውን ሳታውቅ ከፍለህ መክፈት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ያለሁበት ቤልጅየም በ2018 (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ያለውን ክፍያ የያዙ ጌሞችን አይታ "ይህ ቁማር ነው" ብላለች። ጫን፣ ተጫወት፣ የባንክ ካርድህን ግን አታስገባበት። ልጁም ስልክህ ላይ እንዳያስገባ።

ጆከር፦
ማንም ያልጠቀሰው አለ፣ ባላትሮ። አንድ ጊዜ ትገዛዋለህ፣ አሥር ዶላር ገደማ ነው፣ ከዚያ ውስጡ የሚሸጥ ነገር የለም። ኢንተርኔትም አይፈልግም። ተቃራኒ ሰው የለህም፣ መሃል ላይ ዘግተኸው ማታ ብትመለስ ካቆምክበት ትቀጥላለህ።

የምትጫወተው በምታውቀው በ52ቱ ካርታ ነው። ሁለት ኪንግ ጣልክ እንበል። እንደ ፖከር ጥንድ በመሆናቸው 10 ነጥብ፣ ለእያንዳንዱ ኪንግ ደግሞ 10፣ ድምሩ 30። ጥንድ በ2 ይባዛል፣ 60 ሆነ። የመጀመሪያውን በር ለማለፍ 300 አምጣ ነው የሚልህ። አሁን ተራውን ጆከር ብትይዝ ማባዣህ ላይ 4 ይጨምርልሃል፣ ያው ሁለት ኪንግ 180 ሆነ ማለት ነው። እንዲህ እያልክ ጆከር በጆከር ላይ ትደራርባለህ። ሲሳካ ቁጥሩ በእሳት ይነዳል። እውነቴን ነው፣ ስክሪኑ ላይ እሳት ይነሳል።

ተራ ጠባቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሦስቱን ሞከርኩ። ስናፕን ወደድኩት፣ ግን የሌሊት ፈረቃ ያለው ደረሰብኝ፣ ሁለት ጊዜ። አሁን የምከፍተው እሑድ ቤት ስሆን ነው።

ማቆሚያው ላይ ባላትሮ ሆነ። ባለቤቴ በትከሻዬ አሻግራ አየችና "ፖከር ጀመርክ?" አለች። ገንዘብ እንደማይመደብበት ላስረዳት ብዬ ግማሽ ምሳዬ ቀረ። ደግነቱ የአውሮፓው የጌም ዕድሜ መዳቢ ፔጊ 18 ብሎት የነበረውን በ2025 (እ.ኤ.አ.) ወደ 12 እንዳወረደው አነበብኩላት። "እንግዲያው ለልጅ ነዋ" ብላ ሄደች።

ፖኬትም ስልኬ ላይ አለ፣ የባንክ ካርድ ሳይገባበት። ትናንት ጥሩ የቻሪዛርድ ካርድ ወጣልኝና ለልጁ ፎቶ ላክሁለት። "አጎቴ ስጠኝ" ይለኛል። ጌሙ ላይ እንዲህ ያለውን ብርቅ ካርድ ዝም ብሎ መስጠት የለም፣ እኩል ደረጃ ካለው ካርድ ጋር መቀያየር ብቻ ነው። እሱ እኩያውን አላገኘም። ጠዋትና ማታ ፓኬት እየከፈተ ይደውልልኛል።